«መጠጥ አልጠጣም፣ ጠላ ብቻ»፦ ፅንስና አልኮል በጅማ

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ አራተኛ ወሯን እንደያዘች ጅማ ውስጥ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ለክትትል አብሬያት ሄጄ ነበር። ነርሷ ካርዱ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች ቶሎ ቶሎ እያነበበች ትሞላለች። «አልኮል ትጠጫለሽ?» አለቻት። እህቴ ደነገጠች ማለት ይቻላል። «ኧረ በጭራሽ! እኔ መጠጥ የሚባል ነገር አላውቅም» አለች። ነርሷም «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። በዚያው ሳምንት እሑድ ዘመድ ቤት ክርስትና ተጠርተን ስንሄድ እህቴ ሁለት ጣሳ ጠላ ጠጣች፤ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ነርሷን አልዋሸቻትም። ነርሷም ሥራዋን አልበደለችም። በእኛ አነጋገር ጠላ መጠጥ አይደለም፤ ጠላ ጠላ ነው። መጠጥ የሚባለው ቢራው፣ አረቄው፣ ውስኪው ነው፤ ቡና ቤት የሚያመሽ ሰው ነገር ነው።

ያኔ እኔም ልብ አላልኩትም። በዚህ ከተማ ብዙ ዓመት አንደኛ ደረጃ አስተምሬ፣ ትምህርት እንቢ ያላቸውን ልጆች በየዓመቱ ተቀብዬ ከሸኘሁ በኋላ ነው ስለ ጉዳዩ ማንበብ የጀመርኩት። ሳነብ ያቺ የክትትል ክፍል ደጋግማ ትመጣብኝ ነበር። አልኮል በፅንስ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት የሚሰጠው ምክር ሁሉ በእነዚያ ሁለት ሴቶች ጥያቄና መልስ መካከል ወድቆ ይቀራል። አንዷ ስለ አንድ ነገር ትጠይቃለች፣ ሌላዋ ስለ ሌላ ነገር ትመልሳለች፣ ካርዱ ላይ «የለም» ይጻፋል። ማህፀን ውስጥ ያለው ፅንስ ግን ጠላን ከመጠጥ የሚለይበት ቋንቋ የለውም።

እሱ ጋ የሚደርሰው ኤታኖል ነው። ኤታኖል በጠላም፣ በጠጅም፣ በቢራም፣ በአረቄም ውስጥ ያው አንዱ ነው። እናት ስትጠጣ ወደ ደሟ ይገባል፤ ከደሟ በእንግዴ ልጁ አልፎ ወደ ፅንሱ ይሻገራል። ብዙም ሳይቆይ በፅንሱ ደም ውስጥ ያለው መጠን በእናቱ ደም ውስጥ ካለው ጋር ይቀራረባል። ከዚያ በኋላ ግን መንገዳቸው ይለያያል። እሷ አልኮሉን የሚሰባብርላት ጉበት አላት፤ የእሱ ጉበት ገና ለዚያ ሥራ አልደረሰም። ስለዚህ የገባው አልኮል በአብዛኛው ወደ እናቱ ደም እስኪመለስ መጠበቅ አለበት። በዚያ ላይ የእንሽርቱ ውሃ አልኮሉን ይዞ ያቆየዋል፤ ፅንሱም ያንኑ ውሃ ይውጣል። እናቱ ሞቅታው ለቋት ቤቷን እየጠረገች ሳለ እሱ ገና ውስጡ ነው።

ጉዳቱ እንደ ጊዜው ይለያያል። ፊትና ልብ የሚሠሩት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ነው፤ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ በወጉ ሳያውቁ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ብዙ አልኮል ከደረሰ ሐኪሞች የሚያውቋቸው ምልክቶች ፊት ላይ ሊቀሩ ይችላሉ። የዓይኖቹ ስንጥቅ ያጥራል፣ የላይኛው ከንፈር ይሳሳል፣ ከአፍንጫ በታች እስከ ከንፈር የምትወርደው ቦይ ጠፍታ ቦታው ልሙጥ ይሆናል። አንጎል ግን የሚያድግበት የተወሰነ ወር የለውም፤ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እስከ ምጥ ድረስ ይሠራል። በዚህ ምክንያት ከተጎዱት ልጆች አብዛኞቹ ፊታቸው ላይ ምንም ምልክት የለም። ሲያዩዋቸው እንደማንኛውም ልጅ ናቸው። ያጡት ነገር የሚታወቀው ክፍል ውስጥ፣ ገበያ ሲላኩ፣ ከእኩዮቻቸው ጋር ሲጣሉ ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ስም ጠቅልለው «ፌታል አልኮሆል ስፔክትረም ዲስኦርደር» ይሉታል፤ ባጭሩ ኤፍ ኤ ኤስ ዲ። የስሙ ታሪክ ራሱ ለእኛ የሚነግረን ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 ፖል ለሟን የተባሉ ፈረንሳዊ የሕፃናት ሐኪም ናንት በተባለችው ከተማ ከጠጪ ወላጆች የተወለዱ 127 ልጆችን መርምረው ያዩትን ጻፉ። ጽሑፉ በፈረንሳይኛ ነበር፣ የወጣውም ብዙ ሰው በማያነበው የአካባቢ መጽሔት ላይ ነበር፤ የሰማ ጥቂት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ ሲያትል ውስጥ ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ ተመሳሳይ ነገር አይተው በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ ስምም ሰጡት። ዓለም ያወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ልጆቹ በ1968ም ነበሩ። ከዚያ በፊትም ነበሩ። ስም ባላገኙበት ዘመን ሰነፍ ተብለው ነው ያደጉት።

በአማርኛ ለዚህ ነገር እስካሁን ሁሉም የሚግባባበት አጭር ስም የለንም። «በእርግዝና ወቅት በአልኮል ምክንያት የሚመጣ የፅንስ ጉዳት» ማለት ይቻላል፤ ለሐኪም ደብተር ይሆናል እንጂ ለጎረቤት ወሬ ይረዝማል። ስም ምን እንደሚያደርግ ያየነው በኦቲዝም ነው። ዘሚ የኑስ የራሳቸውን ልጅ ይዘው አደባባይ ወጥተው እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን እስኪከፍቱ ድረስ እንዲህ ያሉ ልጆች «ቡዳ በልቶት ነው»፣ «እርግማን ነው» ይባሉ ነበር፤ ቤት ውስጥ የሚቆለፍባቸውም ነበሩ። ዛሬ ጅማ ላይ የባጃጅ ሹፌር እንኳ ኦቲዝም የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ቃሉን ማወቁ ልጁን አላዳነውም፤ ወላጅን ግን ከጠንቋይ ቤት ወደ ሐኪም መልሶታል።

ስለ ቁጥር አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከብዙ አገሮች ጥናቶችን አሰባስበው ያሰሉ ተመራማሪዎች፣ በእርግዝና ጊዜ አልኮል ከጠጡ 13 ሴቶች የአንዷ ልጅ ይህ ጉዳት ይዞት እንደሚወለድ፣ በዓለም ላይም በየዓመቱ ወደ 630,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ልጆች እንደሚወለዱ ገምተዋል። ይህን ቁጥር ሁለት ዓይነት አንባቢ ያየዋል። አንዷ ያረገዘች ናት፤ ባለፈው በዓል ጠላ ቀምሳለች፣ አሁን ልቧ እየመታ ነው። ለእሷ፦ ከ13 የአንዷ ማለት የ12ቱ አይደለም ማለት ነው፤ ዛሬ ብታቆሚ ከዛሬ ጀምሮ የሚሠራው አንጎል ይተርፋል፤ በየትኛውም ወር ቢሆን ማቆም ይጠቅማል። ሌላው ደግሞ «ከ13 አንድ ከሆነ ምን አለበት» የሚለው ነው። ይህን ያህል ቢጠጣ ችግር የለውም ተብሎ የታወቀ መጠን የለም። ከ13ቱ የትኛዋ እንደምትሆንም አስቀድሞ የሚነግር ምርመራ የለም።

በዚያው ስሌት ከሌላው ሁሉ ርቃ የወጣችው ደቡብ አፍሪካ ናት፤ ከ1,000 ልጆች 111 ያህሉ። ምክንያቱ የደቡብ አፍሪካ ሴቶች ከሌላው የከፉ ሆነው አይደለም። በምዕራብ ኬፕ የወይን እርሻዎች ላይ ለሠራተኛው ከደመወዙ ላይ የተወሰነውን በወይን ጠጅ የመክፈል ልማድ ነበር፤ «ዶፕ» ይሉታል። በሕግ ከተከለከለ ቆይቷል፤ ያስለመደው አጠጣጥ ግን ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖረ። ይህን ሳነብ ያሰብኩት በየሰፈራችን ጠላ ጠምቀው፣ አረቄ በመለኪያ ቸርችረው ልጅ የሚያሳድጉትን ሴቶች ነው። ለእነሱ ጠላው እንጀራቸው ነው። ድፍድፉ ደርሶ እንደሆነ፣ ጌሾው በዝቶ እንደሆነ የሚያውቁት በምላሳቸው ነው፤ ደንበኛ ሲመጣም «ቀድመሽ ቅመሽልኝ» ይላል። ስታረግዝም ጥመቃው አይቆምም። «አትጠጪ» ብሎ መምከር ቀላል ነው። ለዚህች ሴት ግን ምክሩ የሚነካው የቤት ኪራይዋን ነው።

ወደ ጣሳው ልመለስ። ጠላ ቀላል ነው የሚባለው ከአረቄ ጋር ሲተያይ ነው፤ እውነትም ነው፣ በመቶኛ ከሄድን። በየቤቱ የሚጠመቀው ጠላ አልኮሉ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 በመቶ ይሆናል፣ አልፎ አልፎ ከዚያ ይበልጣል፤ አረቄ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። ሰው ግን መቶኛ አይጠጣም፤ ጣሳና መለኪያ ነው የሚጠጣው። 4 በመቶ የሆነ ጠላ ግማሽ ሊትር ሲጠጣ 20 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ገባ ማለት ነው። 40 በመቶ የሆነ አረቄ 50 ሚሊ ሊትር ሲጠጣም የገባው ያው 20 ነው። 10 በመቶ የሆነ ጠጅ አንድ ብርጭቆ፣ 200 ሚሊ ሊትር ብንል፣ ያው 20 ነው። 5 በመቶ የሆነ ቢራም 400 ሚሊ ሊትር ላይ እዚያው ይደርሳል። እንግዲህ እህቴ በዚያ ክርስትና ላይ የጠጣችው ሁለት ጣሳ፣ ጣሳው ግማሽ ሊትር የሚይዝ፣ ጠላውም ጠንከር ያለ ከነበረ፣ ሁለት መለኪያ አረቄ ነበር። ሁለት መለኪያ አረቄ ቢቀርብላት ኖሮ ቤቱ በሙሉ ይጮህባት ነበር፤ እኔም ጭምር።

የቤት ጠላ ሌላም ችግር አለው፤ የሚለካው የለም። ጉሹና የተጣራው፣ የመጀመሪያው ቅጅና ቅራሪው አንድ አይደሉም። ቅራሪ «ምንም የለውም፣ ውሃ ነው» ተብሎ ለልጅ ሳይቀር ይሰጣል። እውነትም ደካማ ነው፤ ባዶ ግን አይደለም፣ ሲውል ሲያድርም ይጠነክራል።

አሁን ስለ ጅማ። ከአዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለች ከተማችን ብዙ ሙስሊም የሚኖርባት ናት፤ ስለ አልኮል ሲነሣ «ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም» የሚል ቀና ሰው ብዙ ነው። ሃይማኖቱ ብዙ እናቶችን ከዚህ ጉዳት እንደጠበቀ አምናለሁ፤ ሊመሰገን ይገባል። ግን ከተማ ከተማ ነው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሲመሽ የሚከፈቱትን ቤቶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ሐሙስ ለገበያ ወደ ሂርማታ የመጣ ሰው ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት ጎራ የሚልባቸው ጠላና አረቄ ቤቶችም አሉ። ከጫት በኋላ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲ አለ፤ የወንዶች ነገር ተደርጎ ይወራል እንጂ ሴቶችም አሉበት። በእነዚህ ቤቶች የምትሠራ ልጅ ደንበኛው ሲጋብዛት እንቢ ማለት አትችልም፤ የምትጠጣው በተቆጠረ ቁጥር ነው ቤቱ የሚያተርፈው። መጠጣት በሚያሳፍርበት ከተማ ደግሞ የጠጣች ሴት ከሌላው ቦታ ይበልጥ ትደብቃለች። «የለም» የሚለው መልስ እዚህ በእጥፍ ይቀልላል።

ከእነዚህ ቤቶች ውጭ፣ በደህናው ቤት፣ የሚሠራው ደግሞ ፍቅር ነው። በእኛ ባህል ነፍሰ ጡር ያማራትን አትከለከልም። የጎረቤት ወጥ ሽታው ከደረሳት ትንሽ ተጨልፎ ይላክላታል፤ ሽታ መትቷት ፅንሱ እንዳይወርድ ይፈራል። ይህን ልማድ እወደዋለሁ። በችግር ጊዜ ሳይቀር ላረገዘች ሴት ከአፋቸው ነጥለው ሲሰጡ አይቻለሁ። ግን ጠላም ይሸታል። ጥንስሱ ሲፈላ፣ እንኩሮው ሲታመስ ግቢው በሙሉ ይታወዳል፤ «ሸቷታል፣ ትቅመስ እንጂ» ይባላል። በሽክና ይሰጣታል፣ እምቢ ብትል እንኳ ጠማቂዋ ትቀየማለች። ለእህቴም ጣሳውን የሞሉላት የሚወዷት አክስቶቻችን ነበሩ፤ «ደም ይሆንሻል» እያሉ። አራስ ስትሆንም «ወተት ያወርዳል» ተብሎ ይቀጥላል። አልኮል በጡት ወተትም ያልፋል፤ ወተት የሚያወርደው የጡት መጥባቱ ራሱ ነው።

አምሮቱን ማክበር እየተቻለ ጣሳውን መለወጥ ይቻላል። ያልፈላ ብርዝ አለ። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቀሪቦ ዕለቱን የተዘጋጀ ከሆነ ከጠላ ጋር አይወዳደርም፤ ከቆየ ግን እሱም ይፈላልና ላረገዘች ሴት ያደረውን አለመስጠት ነው።

ሕጉ ወዴት እንደደረሰ ማወቅ ደግ ነው። የ2011 ዓ.ም. የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬድዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፣ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ መሸጥንም ከለከለ። ትልቅ ርምጃ ነበር፤ ከዚያ በፊት በየበዓሉ የነበረውን የቢራ ጋጋታ የሚያስታውስ ያውቀዋል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በየጠርሙሱ ላይ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ወይም ብርጭቆ የያዘች ነፍሰ ጡር ተሰርዛ የምትታይበት ምልክት እንዲኖር አስገድዳለች፤ ምልክቱን ፊደል ያልቆጠረም ያነበዋል። ለቢራ ጠርሙሶቻችን ብናደርገው እደግፋለሁ። ግን ጣሳ ላይ የሚለጠፍ ምልክት የለም፣ ጠላም በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ኖሮት አያውቅም።

አሁን ስለ ልጆቹ። ከአስተማርኳቸው መካከል አንድ ልጅ አለ፤ ስሙን ልተወው። ሦስተኛ ክፍል ሁለት ጊዜ ደግሟል። ሰኞ በአምስት ማባዛትን አሳየዋለሁ፣ ይይዘዋል፣ ደስ ይለዋል፣ ማክሰኞ ጭራሽ እንዳልሰማው ይሆናል። «ደብተርህን አውጣ፣ ገጽ 12ን ግለጥ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጻፍ» ስለው ደብተሩን አውጥቶ ይቀመጣል። የቀረው ጠፍቶበታል። የሌላ ልጅ እርሳስ ወስዶ በሁላችንም ፊት ይጽፍበታል፣ ሲጠየቅ «የኔ ነው» ይላል፤ ይዋሻል አልን። ገርፈነዋል። አንበርክከነዋል። እኔ ራሴ በኩርኩም መትቼዋለሁ፤ እንዲህ ስጽፈው እጄ ይከብደኛል። የቀጣነው በትናንቱ ጥፋት ነው፣ እሱ ግን ትናንትን ከዛሬ ማገናኘት አቅቶት ነበር። ቅጣቱ ያስተማረው ነገር ቢኖር እኛን መፍራት ነው።

ያ ልጅ የአልኮል ጉዳት ነበረበት ብዬ አልናገርም። በመንደር ደረጃ እንዲህ ብሎ መፈረጅ ራሱ ጥፋት ነው። ምጥ የረዘመበት ልጅ፣ ማጅራት ገትር የያዘው፣ በአዮዲን ወይም በምግብ እጥረት ያደገ ልጅም እንዲሁ ሊሆን ይችላል፤ መለየት የሐኪም ሥራ ነው። የምለው፣ ከአስተማሪዎቹም ከጤና ባለሙያዎቹም እናቱን በደግ አንደበት የጠየቃት አንድም ሰው አለመኖሩን ነው።

ካልታወቀ ምን እንደሚከተል የሚያሳይ ጥናት አለ። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዋ አን ስትራይስጉዝና ባልደረቦቻቸው በአልኮል ሳቢያ ጉዳት ይዟቸው የተወለዱ 415 ሰዎችን ታሪክ ተከታተሉ። ከጎረመሱትና ካደጉት መካከል 60 በመቶ ያህሉ ትምህርታቸው ተሰናክሏል፤ 60 በመቶ ያህሉ ከሕግ ጋር ተጋጭተዋል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ግኝት ነው፤ በልጅነታቸው ምንነቱ የታወቀላቸውና በተረጋጋ፣ ድብደባ በሌለበት ቤት ያደጉት ከእነዚህ መከራዎች የማምለጥ ዕድላቸው ከሁለት እስከ አራት እጥፍ የበለጠ ነበር። የአንጎሉ ጉዳት የሚድን አይደለም፤ መድኃኒትም የለውም። ከጉዳቱ በላይ የተጨመረው ዱላና ስድብ ግን እኛ የጨመርነው ነው፣ ማስቀረትም እንችላለን። ለእንዲህ ያለ ልጅ አንድ ትእዛዝ ባንድ ጊዜ ይሰጣል፤ በየቀኑ አንድ ዓይነት ሰዓትና ቦታ ይደረግለታል፤ ከመናገር ይልቅ ማሳየት ይሻላል፤ የረሳው እንደ አዲስ ይነገረዋል፤ ክፍል ውስጥ ጫጫታ ከበዛበት መስኮት አጠገብ ሳይሆን ፊት ለፊት ይቀመጣል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከባድነቱን ቆሜበት አይቼዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ የምፈራው ነገር አለ። ስሙ ሲታወቅ እናትን መውቀሻ እንዳይሆን። «ልጅሽን እንዲህ ያደረግሽው አንቺ ነሽ» የተባለች ሴት ሁለተኛ ልጇን ስታረግዝ ክትትል አትመጣም፣ ብትመጣም እውነቱን አትናገርም። ብዙዎቹ የጠጡት ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነው፤ ሌሎቹ ጠላ እንደሚጎዳ የነገራቸው ሳይኖር፤ ሌሎቹ ደግሞ ሱስ ይዟቸው ነው፣ ሱስም ሕመም ነው። በየቀኑ አረቄ የምትጠጣ ሴት በአንድ ጀንበር በራሷ ብታቆም መንቀጥቀጥና ሰውነት የሚያንዘፈዝፍ ሕመም ሊጥላት፣ እሷንም ፅንሱንም አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል፤ ሐኪም ዘንድ ሆና ነው ማቆም ያለባት። ባልም ከዚህ ነጻ አይደለም። እሱ ማታ ማታ ጠርሙስ ይዞ በሚገባበት ቤት እሷ ብቻዋን ማቆም ይከብዳታል። ለዘጠኝ ወር አብሯት ቢተው ትልቅ ነገር አደረገ።

ጅማ ለዚህ ሥራ የተመቸች ከተማ ናት፤ ስለምወዳት ብቻ አይደለም የምለው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከተመሠረተ ጀምሮ የያዘው መንገድ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ነው፤ የሕክምናና የጤና ተማሪዎቹ በየቀበሌውና በየገጠሩ ወጥተው ቤት ለቤት እየጠየቁ ይማራሉ። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያሠለጥናል፤ የሕክምና ማዕከሉም ለደቡብ ምዕራቡ አገር ሁሉ ደራሽ ነው። እነዚያ ቤት ለቤት የሚሄዱ ወጣቶች መጠይቃቸው ላይ «አልኮል ትጠጫለሽ?» የሚለውን ቢተውና እንዲህ ብለው ቢጠይቁስ እላለሁ፦ «ባለፈው በዓል ጠላ ቀምሰሽ ነበር? በምን ሰጡሽ፣ በጣሳ ወይስ በብርጭቆ? ስንት? ያኔ ወር አበባሽ ቀርቶ ነበር?» በአፋን ኦሮሞም ፋርሶ፣ ዳዲ፣ አረቄ እያሉ በየስማቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም እንዲሁ፣ ቡና ላይ ተቀምጠው፣ ባለቤቲቱን ሳያሳፍሩ። ስሙን የጠራንለትን ነገር ሰው ይመልስልናል።

ይህም ሆኖ የክትትል ካርድ ብቻውን ይዘገያል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በአገራችን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት ከ100 እናቶች 20ዎቹ ብቻ ነበሩ። የፊትና የልብ ሥራ በዚያ ጊዜ አልቋል። ስለዚህ ወሬው ቀድሞ መድረስ አለበት፤ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ውስጥ፣ ስምንተኛ ክፍል የሳይንስ ትምህርት ላይ፣ ሽማግሌ ተልኮ ሠርግ ሲቆረጥ፣ በእድር ስብሰባ፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን። ልጅ ለመውለድ ያሰበች፣ ወይም ልታረግዝ የምትችልና መከላከያ የማትወስድ ሴት ወር አበባዋ እስኪቀር አትጠብቅ።

ዓለም ለዚህ ጉዳይ አንድ ቀን ሰጥቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሴፕቴምበር 9፣ ዘጠነኛው ወር በዘጠነኛው ቀን፣ ዘጠኙን የእርግዝና ወራት እንዲያስታውስ። በብዙ ቦታም ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ደወል ይደወላል። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ጳጉሜ 4 ላይ ይውላል። ያን ቀን በየክርስቲያኑ ቤት የእንቁጣጣሽ ጠላ ሊጣራ ደርሷል፤ ግቢው ጌሾ ጌሾ ይሸታል፤ ባለፈው ወር ያረገዘችና ገና ያላወቀች ሙሽራ የትም ቤት ትኖራለች። ከዚህ የተሻለ ቀን ተመርጦ አይገኝም። ጠማቂዋ ማድጋውን ከመክፈቷ በፊት አንድ እንስራ ብርዝ ለብቻው ብትደፋ፣ «ይህ ለእንትና ነው» ሳትል፣ ላረገዘችውም ላላወቀችውም፣ ዝም ብላ ከብርጭቆው ጋር ብታቀርበው ይበቃል።

ያ ተማሪዬ አሁን ጎልማሳ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት እናቱን ገበያ መንገድ ላይ አገኘኋት፤ ዛሬም ትጠምቃለች። የዚያን ዘመኑን ጥያቄ ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት፤ አሁን ቢጠየቅ ለማን ይጠቅማል? ስለ እሱ ጠየቅኋት። ማለዳ ተነሥቶ ውሃ እንደሚቀዳላት፣ የጎረቤትም እንደሚያመላልስ፣ ገንዘቡን ግን እሷ እንደምትቀበልለት ነገረችኝ። «ትምህርቱ ነው እንቢ ያለው» አልኳት፣ ምን እንደምል አጥቼ።

«መምህር» አለችኝ፣ «እናንተ ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ ትነግሩት ነበር። እኔ አንድ ብቻ ነው የማዘው። አንድ ካዘዙት አይረሳም።»